ፖቶስ ውሃ መቀየርን አይተካም

ክቡር አዘጋጅ፣

«የዓሣ ገንዳ አናት ላይ ፖቶስ ካለ ውሃ መቀየር አያስፈልግም» የሚለው ምክር ዓሣ ያስፈጃል። እርግጥ የዚህ ሐረግ መሰል የቤት ውስጥ ተክል ሥር ከዓሣ ኩስ የሚመነጨውን ናይትሬት የተባለ ውህድ ይመጥጣል፤ ድካም የሚቀንሰውም በዚህ ነው። የተነነውን ውሃ ብቻ እየሞሉ መቆየት ግን ጨውና ማዕድኑን ያከማቻል። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ ሩቡ ይቀየር፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ አስቀድሞ ይወገድ።

ከአፈር የወጣ ተክል ሥሩ እስኪጠራ ይታጠብ፤ ማዳበሪያ የነካው አፈር አደገኛ ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባው ሥሩና የታችኛው አንጓ ብቻ ነው። ቅጠል ከሰጠመ ይበሰብሳል፣ ውሃውንም ያበላሻል። ጎልድፊሽ ሥሩን ስለሚግጥ በቀዳዳ ቅርጫት መከለል ይሻላል።

አዲስ ገንዳ ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። እባካችሁ፣ ከዚያ በፊት ዓሣ አትጨምሩ።

ከአክብሮት ጋር