የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ሳንክሽን» ፈቀደ ወይስ ቀጣ?

የዘንድሮው የክበባችን ክርክር በአብዛኛው የተነሳው «ሳንክሽን» ከሚለው ግሥ ነው። ይህ ግሥ አንድም «በይፋ ፈቀደ፣ አጸደቀ»፣ አንድም «ቀጣ፣ ማዕቀብ ጣለ» ማለት ነው። ተማሪዎች ቃሉን የሚሰሙት ከዜና ስለሆነ ሁለተኛውን ፍቺ ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ ምንባብ ላይ የመጀመሪያው ሲገጥማቸው ሐሳቡን ገልብጠው ይረዱታል።

መለያው ተሳቢው ነው። ሰው፣ ድርጅት ወይም አገር ከሆነ ቅጣት ነው፤ ድርጊት ወይም ዕቅድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ነው። ለልምምድ የመረጥነው ምሳሌ ከራሳችን ታሪክ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረች ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር ኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለባት፤ ነዳጅ ግን አልተካተተበትም፣ ሐምሌ ላይም ተነሳ። «ዘ ሊግ ሳንክሽንድ ኢታሊ» ብንል ትክክል ነው። «ዘ ሊግ ሳንክሽንድ ዘ ኢንቬዥን» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን ማኅበሩ ወረራውን አጸደቀ ማለቱ ነው። (ማዕቀቡ እንዴት እንደላላ የሚያውቅ አንባቢ ይህም ከእውነት አይርቅም ይል ይሆናል፤ ለፈተና ግን አያዋጣም።)

ዓረፍተ ነገሩ በተደራጊ ሲሆን ተሳቢው ባለቤት ስለሚሆን እሱን ማየት ያስፈልጋል። በአትሌቲክስ ዜና ሁለቱም ፍቺዎች አንድ ገጽ ላይ ሊገኙ ይችላሉ፦ «ሳንክሽንድ» የተባለ ውድድር ዕውቅና ያገኘ ነው፤ «ሳንክሽንድ» የተባለ አትሌት ግን፣ በዶፒንግም ይሁን በሌላ፣ የተቀጣ ነው። ብዙዎችን ያሳሳተው «ስቴት ሳንክሽንድ» ነበር፤ «መንግሥት የፈቀደው» እንጂ «መንግሥት የቀጣው» አይደለም። «አንሳንክሽንድ»ም ብዙ ጊዜ «ያልተፈቀደ» ማለት ነው።

ስም ሲሆን ይቀላል፤ በብዙ ቁጥር መጥቶ «ኦን» ወይም «አጌንስት» ከተከተለው ማዕቀብ ነው።

የቆየ ጽሑፍ ለሚያነቡ አንድ ነገር እንጨምር። ግሡ «አጸደቀ» በሚል ፍቺ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል፤ «ቀጣ» የሚለው ግን የ20ኛው ነው። ስለዚህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ውስጥ ቅጣት መፈለግ ያሳስታል። ራሳቸው ሲጽፉ ደግሞ ጥርጣሬ ካለ «አፕሩቭ» ወይም «ፔናላይዝ» ይበሉ፤ አጭርም ግልጽም ነው።

ለመጪው ዓመት የተያዘው ግሥ «ቴብል» ነው። የብሪታንያ ምክር ቤት አንድን ሐሳብ «ቴብል» ሲያደርግ ለውይይት ያቀርበዋል፤ የአሜሪካው ሲያደርገው ያቆየዋል።