የፈታሁት በርሜል፣ የደበቅሁት ጠርሙስ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

እንደምን ከረምህ? ለ3 ዓመት አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ የቀረሁበትን ምክንያት ላስረዳ ብጀምር ደብዳቤው በሰበብ ተሞልቶ ያልቃል፤ ስለዚህ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ ብዬ ልለፍ። የብሎን መፍቻ ቁልፍህም እኔው ዘንድ ነው። ጠፋ ያልሁህ ውሸቴን ነበር፤ ይህን ስጽፍ ከወረቀቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሰሞኑንም ስሠራ የሰነበትሁት በእርሱ ነው።

የቢራችንን አራቱን በርሜሎች ፈታኋቸው። እነዚያኑ 19 ሊትር የሚይዙትን፣ የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ሲመላለስባቸው ኖሮ አርጅተው ለእኛ የደረሱትን ማለቴ ነው። ፈታኋቸው ስል ደግሞ እንደ ድሮዬ ክዳኑን ከፍቼ፣ ሙቅ ውሃ ጨምሬና አለቅልቄ ደፋሁ ማለቴ አይደለም። የክዳኑን ማስተንፈሻ ስቤ ጋዙ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ ፉጨቱ ከቆመ በኋላም ምክርህን አስታውሼ የጋዙን ቫልቭ በካቻቢቴ ጫፍ ተጭኜ አረጋገጥሁ። ከዚያ ሁለቱንም አፎች፣ የጋዙን መግቢያና የቢራውን መውጫ፣ በቁልፍህ ፈትቼ ከየራሳቸው ቱቦ ጋር ለየብቻ አስቀመጥኋቸው። የጋዙ አፍ ከሥሩ ጥርስ ጥርስ የመሰለ ምልክት ስላለው እንዳይምታታብኝ ያደርጋል፤ ይህን ምልክት ልብ ያልሁት ግን ገና አሁን መሆኑን ስነግርህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ።

በጋዙ በኩል እምብዛም የሚያስነውር ነገር አልነበረም። ጉዱ ያለው በሌላኛው ወገን ነው። እስከ በርሜሉ ሥር የሚወርደውን ረጅሙን ቱቦ ስስበው፣ ከከንፈሩ ሥር፣ ጎሚኒዋ ከተቀመጠችበት ቦታ፣ ቡናማና ዝልግልግ የሆነ ነገር ተከትሎ ወጣ፤ ሽታውን አልገልጽልህም። ቀጭኑንና ረጅሙን ብሩሽ በቱቦው ውስጥ ባሳልፈው ደግሞ እንደ ኖራ የደረቀ ቅርፊት እየተሰባበረ ረገፈ። ይህ ጠማቂዎች የቢራ ድንጋይ የሚሉት፣ ካልሲየምና ኦክሳሌት ተጣብቀው የሚፈጥሩት ንብርብር ነው። ክፋቱ ደግሞ ራሱ መቆሸሹ ብቻ ሳይሆን ቢራ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ከሥሩ ተሸሽገው፣ ከላይ የምናፈስሰው ማምከኛ ሳይነካቸው መኖራቸው ነው። ማምከኛ የሚሠራው በታጠበ ነገር ላይ ነው ስትለኝ የነበረውን እኔ እንደ ሽማግሌ ንዝንዝ እቆጥረው ነበር።

የማጠቢያ ዱቄቱን፣ ሶዲየም ፐርካርቦኔቱን፣ ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቅ ውሃ በጥብጬ በርሜሎቹን እስከ አፋቸው ሞላሁና አሳደርኋቸው፤ ኦክስጅን ስለሚለቅ ክዳኑን ከላይ ጣል ከማድረግ በቀር አልቆለፍሁትም። ዝልግልጉ በዚህ ለቀቀ፤ ድንጋዩ ግን እንደዚህ ዱቄት ያለ አልካሊ አይበግረውምና ለእርሱ አሲድ አስፈለገኝ። በረኪናውን ከእጄ የነጠቅህበት ቀን ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ያን ጊዜ የማይዝግ ብረት ምን ይሆናል ብዬ ስከራከርህ ነበር፤ በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን የማይዝገውን ብረት እንኳ ነቁጥ ነቁጥ እያደረገ እንደሚበላው አሁን ተረድቻለሁ። የሽቦ መፈግፈጊያም አላስጠጋሁም፤ የራሱን ብናኝ ትቶ ዝገት ይጀምራልና።

አንተም ብትሆን ግን ጻድቅ አይደለህም። በሁለተኛው በርሜል ጎሚኒዎች ላይ የቀባኸው ቫዝሊን ላስቲኩን አሳብጦ አበላሽቶታል! ለአንድ በርሜል አምስት፣ ማለትም የክዳኑ ትልቁ፣ የአፎቹ ሁለት፣ የቱቦዎቹ ሁለት፣ በጠቅላላው ሃያ ጎሚኒ ለወጥሁ። ቫዝሊን ያልነካቸውንም ቢሆን ከመጣል አልዳንሁም፤ ያ የሽሮፕ ሽታ ከላስቲክ ውስጥ በምንም መታጠቢያ አይወጣም። አዲሶቹን የቀባኋቸው ለምግብ ዕቃ የሚሆነውን የሲሊኮን ግራሶ ነው።

የሚቀጥለውን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ አሁን ሳላስብበት ልጻፈው። ለእኅትህ ሠርግ የጠመቅኸው ቢራ በእንግዶች ፊት ኮምጥጦ የተገኘው በእኔ ምክንያት ነው። ያን ዕለት ጠዋት በርሜሉን ፈታትተህ አጥበኸዋል ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ አዎ አልሁህ፤ አልፈታሁትም ነበር። አንተም ጥፋቱን በእርሾህ አሳበብህ፤ ከጥምቅ ወደ ጥምቅ ስታሸጋግረው የኖርኸውን፣ እንደ ልጅ የምትሳሳለትን እርሾ ማሰሮውን ገልብጠህ ስትደፋው ቆሜ አየሁ። ያን ጊዜስ የእኔ ጥፋት መሆኑን በጥርጣሬ ብቻ ነበር የማውቀው። ነገር ግን ከዚያው ጥምቅ ወደ በርሜል ሳይገባ የተረፈውን በሁለት ጠርሙስ ቀድቼ አስቀርቼ ነበር፤ ከወር በኋላ አንዱን ከፍቼ ብቀምሰው ጣዕሙ ፍጹም ጤነኛ ነበር። እርሾህ ንጹሕ ነበር። ለአንተ ከመንገር ዝም ማለቱ ቀለለኝ፤ ዝምታውም ከወር ወደ ዓመት ሲሻገር፣ ምን ብዬ ልጀምር የሚለው ጥያቄ ከጥፋቱ ይልቅ ከበደኝ። ባለፈው ሳምንት ያንኑ ቱቦ በእጄ ይዤ ሳየው ግን ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልሁም።

በርሜሎቹን መልሼ ገጥሜ፣ በ2 ባር ግፊት ጋዝ ሞልቼ፣ የሚያፈስ እንዳለ ለማየት የሳሙና አረፋ ቀብቻቸዋለሁ። ሦስቱ ጸጥ ብለዋል። አራተኛው በቢራው መውጫ በኩል አረፋ ይነፋል፤ አፉን አጣምሜ አጥብቄው የብሎኑን ጥርስ የበላሁት ይመስለኛል፤ ከዚህ በላይ በጉልበት ብገባበት የባሰ እንዳላበላሸው ፈርቼ ተውሁት። የአንተን እጅ ይፈልጋል።

የጻፍሁልህ ግን ለእርሱ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ጠርሙስ እስካሁን አልተከፈተም። ቢራው በጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ እንዲይዝ ስኳር ጨምሬበት ስለነበር ከሥሩ ስስ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል፤ ያ ዝቃጭ የአንተ እርሾ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ አብዛኛው ሞቶ ይሆናል፤ ጥቂት ከተረፈ ግን በቀጠነ የብቅል ውሃ፣ መጀመሪያ በግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሊቀሰቅሱት ይቻል ይሆናል። እኔ ልሞክረው አልደፈርሁም። የእጄን ንጽሕና ታውቀዋለህ፤ ደግሞም ንብረቱ የአንተ ነው።

ጠርሙሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዝቃጩ እንዳይበተን የሚነካው ሰው የለም። የመጣሁት ቁልፌን ልወስድ ነው ብትለኝ እንኳ አልቀየምህም።

የአንተው፣
በርሜል አጣቢው ወዳጅህ