ሞተር ሸጦ ለሚጠፋ አስመጪ ተጠያቂው ማነው? ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልን።

የምጽፍላችሁ ከወላይታ ሶዶ ነው። ሞተረኛ ነኝ። ሰሞኑን ሞተር ሻጮች ገበያው ሞተ እያሉ ሲያማርሩ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እውነታቸውን ነው፣ እዚህ ሱቅ በር ላይ የተደረደሩት ሞተሮች ፕላስቲካቸው ሳይነሳ አቧራ ለብሰዋል። ምክንያቱን ስትጠይቋቸው ዶላር ይሏችኋል፣ ቤንዚን ይሏችኋል።

አይዋሹም። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ሞተሩም መለዋወጫውም አብሮ ወጣ። ቤንዚን በሐምሌ 2014 በሊትር 47 ብር ከ83 ነበር፣ ጥር 2017 ላይ 101 ብር ከ47 ገባ። ይሄን ሁሉ እኛም በኪሳችን እናውቀዋለን። ግን ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ሌላ ነገር አለ። ሰው ሞተር መግዛት የፈራው ዋጋው ስለከበደው ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱ ገዝቶ ምን እንደደረሰበት ስላየ ነው።

የእኔዋ የሕንድ ሥሪት ናት፣ 150 ሲሲ። ስገዛት ጋራንቲ አለው ተብሎ ደብተር ተሰጠኝ። ደብተሩ ውስጥ የሰርቪስ ኩፖን አለ፣ ማህተምም አለው፣ ኩፖኑን የሚቀበል ሰርቪስ ግን በከተማው የለም። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ገና በጊዜው መንሸራተት ሲጀምር ወደ ሻጩ ሄድኩ። ሻጩ "እኔ ሻጭ ነኝ፣ አስመጪውን ጠይቅ" አለኝ። አስመጪው ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። ስደውል "የሸጠልህ ሰው ያመልክትልህ" አሉኝ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ተገኘ፦ ጥፋቱ የአነዳዴ ነው! ሞተሯን ሳያዩ፣ ድምጿን ሳይሰሙ። አምራቹ ደግሞ ከነጭራሹ በወሬ ብቻ የምንሰማው ሰው ነው፣ ስልክ የለው አድራሻ የለው።

ታዲያ ማን ደረሰልኝ? መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ የሚሠራው መካኒክ። የእነዚህን ልጆች ውለታ ማንም አይቆጥርላቸውም። ማንዋል አይተው አያውቁም፣ ከአስመጪ የአንድ ቀን ሥልጠና አላገኙም፣ ግን ሞተሩን አስነስተው በጆሯቸው ብቻ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሁን ካቴና (ሰንሰለት) ይለዩላችኋል። የሚያቅታቸው ዕቃው ነው። ኦርጅናል የተባለው መለዋወጫ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይመጣል፣ ካርቶኑ ኦርጅናል ውስጡ ፎርጅድ። ፍሬን ሸራው ቁልቁለት ላይ ሳለህ ያልቃል። ይሄ እንግዲህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ከኋላ ተሳፋሪ አለ።

እዚህ አብዛኛው ሰው ሞተር የሚገዛው በእቁብ ወይም በብድር ነው። ሞተሯ ስትቆም እቁቡ አይቆምም።

ሕግ የለም አልልም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይናገራል። ለጫማ ይበቃ ይሆናል። ሞተር ግን በ15 ቀን ምኑ ይታወቃል? ገና የመጀመሪያው ዘይት ሳይቀየር ቀኑ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የጋራንቲ ደብተር አውጣ፣ ደብተሩ ደግሞ ቅድም ያልኩት ነው። ለአቤቱታ ስትሄድ ጉዳይህን የሚይዘው ሰው የስኳርና የዘይት ዋጋ ሲቆጣጠር የዋለ ነው፣ ስለ ሻንሲ ቁጥር ብታወራው በትህትና ይሰማሃል፣ በቃ።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ ሞተር ግዙ እየተባለ ነው። ሐሳቡን አልቃወምም፣ ለቤንዚን ሰልፍ መቆም የሰለቸው ሰው እንዴት ይቃወማል። መንግሥት ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ተ.እ.ታን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን ትቶ ነበር፣ ቀረጡም ተበትኖ ለሚገባ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶ ለሚገባ 15 በመቶ ነበር። ጥሩ። ግን ያን ሁሉ ገቢ ስትተዉ ከአስመጪውና ከገጣጣሚው በምትኩ ምን ጠየቃችሁ? ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የመንገድ ዳሩ መካኒክም አያድነንም። ባትሪውና ኮንትሮለሩ (ኃይሉን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሲበላሽ በመፍቻና በጆሮ የሚሆን ነገር የለም፣ ወይ ሻጩ ይጠግናል ወይ ሞተሩ የዶሮ ቆጥ ይሆናል።

ካላመናችሁኝ ከራሳችሁ ከመንግሥት ቤት ጀምሩ። የትኛውም ወረዳ ግቢ ግቡ። ለግብርና ባለሙያና ለጤና ኤክስቴንሽን ተብለው የተገዙ ሞተሮች ጎማቸው ተንፍሶ ግድግዳ ተደግፈው ታገኛላችሁ፣ ብዙዎቹ በአንድ ትንሽ ዕቃ እጦት የቆሙ ናቸው። እናንተ እኮ ትልቁ ገዢ ናችሁ! በጨረታ ሰነዱ ላይ ዕቃና ጥገና በክልሉ ውስጥ ያለው ብቻ ይወዳደር የሚል አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ አስመጪው ሁሉ ነገ ጠዋት ሱቅ ይከፍት ነበር። ለምን እንዳልተደረገ እኔ አይገባኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄንን ነው። ሞተር የሚያስመጣም የሚገጣጥምም ፈቃዱን ሲያድስ በሚሸጥበት ክልል መለዋወጫና ጥገና እንዳለው ያሳይ፣ በወረቀት ሳይሆን ሰው ልካችሁ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይታይ። የራሱን ጥገና መክፈት ካልቻለ የሠፈሩን መካኒክ አሠልጥኖ ወኪል ያድርገው፣ ርካሹም መንገድ እሱ ነው። በጋራንቲ ጉዳይ ሻጩና አስመጪው አብረው ይጠየቁ፣ ገዢው በሁለቱ መሃል እንደ ኳስ አይለጋ። ለሞተር የ15 ቀኑ ነገር ይቅርና በኪሎ ሜትር ይቆጠር።

ኮሚቴ ተቋቁሟል የሚል መልስ አትላኩልን። በዚህ ዓመት የትኞቹ አስመጪዎች በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጥገና እንዳላቸው ስም ዝርዝሩን አውጡልን፣ ከማን መግዛት እንዳለብን እኛው እንለያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶዶ ሞተረኛ