ከግቢ በር የሚወጣው ዝናብ ስንት ሊትር ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ድሬዳዋ ላይ «አረንጓዴ ሕንፃ» ተብሎ የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ ሣር የተተከለበትና ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ሕንፃ ነው። የአሸንዳው ቱቦ ግን በአጥር ሥር ሾልኮ አስፋልት ላይ ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ የጎረቤት ነው።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከዚህ ለይተን እንየው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደረሰው ጎርፍ ከደንገጎ በኩል ከደጋው የወረደ ነው። እንዲህ ያለውን የግቢ ሮቶ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው የላይኛው ተፋሰስ ሥራና የወንዝ ዳር ግንብ ነው። የግቢ ሥራ የሚያቃልለው በየሰፈሩ መንገድ የሚተኛውን ውኃ ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 300 ካሬ ቦታ ላይ 200 ጣሪያ፣ 60 ሊሾ፣ 40 አፈር አለ እንበል። 40 ሚሊ ሜትር ቢጥልና ከጣሪያና ከሊሾው 90 በመቶው ቢፈስ 9,360 ሊትር ይሆናል። አፈሩ ላይ የሚወርደው 1,600 ሲደመር ወደ 11 ሺህ ይጠጋል።

የተለመደው መልስ የ5 ሺህ ሊትር ሮቶ ነው። ችግሩ፣ ሮቶው ዝናቡን የሚጠብቀው ሞልቶ ነው፤ የሞላ ሮቶ ደግሞ ለጎርፍ የለም ማለት ነው። ወገቡ ላይ የ20 ሚሊ ሜትር መውጫ ይበጅለት። የታችኛው ግማሽ ለአትክልት ይቀመጣል፤ የላይኛው ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዶ ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ስለዚህ ለጎርፍ የሚቆጠረው 2,500 ሊትር ብቻ ነው።

ውኃውን ወደ መሬት በሚያሰርገው ማስረጊያ ጉድጓድም ላይ ሒሳቡ ይሳሳታል። 1.5 በ2 በ2 ሜትር የተቆፈረ 6 ሜትር ኩብ ነው፤ ድንጋይ ሲሞላበት ግን ለውኃ የሚቀረው 40 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 2,400 ሊትር ነው። የእኛ አገር አቧራና ደለል ቶሎ ይደፍነዋልና ከፊቱ ቢያንስ 50 በ50፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደለል ማጥመጃ ቶምቢኖ (ትንሽ የግንብ ጉድጓድ) ያስፈልገዋል። ከመሠረቱ ከ3 ሜትር ባላነሰ ርቀት ይቆፈር፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ፈጽሞ አይሆንም።

ከሁሉ ርካሹ አፈሩ ነው። 40 ካሬዋ ከሊሾው 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብትል 6 ሺህ ሊትር ትይዛለች፤ ሮቶው፣ ማስረጊያውና አፈሩ ሲደመሩ 10,900 ሊትር፣ ከላይ ካለው 11 ሺህ ጋር ይቀራረባል። እኛ ግን አበባ መደቡን በብሎኬት ከፍ አድርገን ውኃውን ወደ በሩ እንሸኛለን። ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ብሎኬቱም ገንዘብ ነው።

ከመቆፈር በፊት አፈሩ ይፈተን። 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት፣ እስኪጠጣ መጠበቅ፣ እንደገና ሞልቶ በሰዓት ስንት እንደወረደ መለካት ነው። በሰዓት ከ13 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ማስረጊያው ይቅር። ውኃው በ48 ሰዓት ውስጥ ካልሰረገም ትንኝ ይፈለፈልበታል። ድሬዳዋ በ2006 ትንኝ የሚያስተላልፈውን የደንጊ ትኩሳት፣ በ2014 ደግሞ በውኃ ማጠራቀሚያ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለ ትንኝ ያዛመተውን ወባ አይታለችና የሮቶ ክዳንና የመውጫ ወንፊት የማይቀር ነው። ወንፊቱም ይጸዳ፦ ፌስታልና የጫት ገረባ ቀዳዳውን ከደፈኑት ውኃው በላይ ሞልቶ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ትርፍ ማፍሰሻ ቱቦ የሌለው ሥራ አይረከብ። የቶምቢኖው ደለል በዓመት ሁለቴ፣ ከበልግ በፊትና ሐምሌ ሳይገባ ይውጣ።

ሊድ የተባለው የአሜሪካ የአረንጓዴ ሕንፃ ምዘና እ.ኤ.አ. በ2009 እትሙ፣ ከግማሽ በላዩ ውኃ የማያሰርግ ቦታ ላይ የሚሠራ ሕንፃ የጎርፍ መጠን ነጥቡን እንዲያገኝ በ2 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን የ24 ሰዓት ዝናብ ጎርፍ በ25 በመቶ መቀነስን ይጠይቅ ነበር። እኛ ያን ያህል ባንሄድ እንኳ፣ ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበው ሳይት ፕላን ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ ስንት ሊትር ይወርዳል፣ ስንቱ ግቢ ውስጥ ይቀራል፣ ስንቱ በየትኛው በኩል ይወጣል።

የውኃ ሥራ ባለሙያ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ