ሆስፒታሉ የቆመው ባዶ ቦታ ላይ አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በዋሽንግተን ዲሲ ዘጠነኛው ጎዳና ስላሉት ምግብ ቤቶቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። በጆርጂያ አቬኑ ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል «ባዶ ቦታ ላይ ተሠራ» የሚለው ግን ስህተት ነው። በዚያ በር ለዓመታት ተሳፋሪ ያወረድሁ የታክሲ ሹፌር ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም።

ቦታው የግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። በፊት የነበረው የእንጨት የቤዝቦል ሜዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 ተቃጠለ፤ አዲሱ በብረትና በኮንክሪት ተጀምሮ፣ ገና ሳያልቅ፣ ከወር ባነሰ ጊዜ ጨዋታ ተደረገበት። እ.ኤ.አ. በ1924 የከተማው ቡድን ሴናተርስ የኒውዮርክ ጃያንትስን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ ሻምፒዮን የሆነው እዚያ ነው። የአጥሩ ነገር ደግሞ ያስቃል። አምስት ቤቶች የነበሯቸው ሰዎች አንሸጥም ስላሉ፣ ግንቡ ቤቶቹንና አንድ ትልቅ ዛፍ ለማለፍ ወደ ሜዳው ታጥፎ ተሠራ። ቤቱ ለልማት የፈረሰበት ሰው ይህን ቢሰማ ተረት ይመስለዋል።

ነገሩን መጀመሪያ የነገሩኝ አንድ ጥቁር አዛውንት ተሳፋሪ ናቸው። በሆስፒታሉ በር ላይ ሂሳባቸውን ከከፈሉ በኋላ አልወርድ ብለው «ጆሽ ጊብሰን ሲመታ እዚህ አይቻለሁ» አሉኝ። ጊብሰን የጥቁሮች ሊግ ኃያል መቺ ነበር። ቡድኑ ሆምስቴድ ግሬይስ በ1940ዎቹ ብዙ የሜዳውን ጨዋታዎች እዚያ ያደርግ ነበር፤ በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የጥቁሮችን የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል። የሜዳው ባለቤት ክላርክ ግሪፊዝ ከግሬይስ ኪራይ ይቀበል ነበር፤ የራሱ ቡድን ሴናተርስ ግን እስከ 1954 ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። በዘመኑ ወደ ነጮቹ ዋና ሊግ የገባው የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ቡድን መጫወት ከጀመረ ሰባት ዓመት አልፎ ማለት ነው። ገንዘባቸው ይገባ ነበር፤ እነርሱ አይገቡም ነበር።

ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። እኛ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈትንበት ሰፈር ይህን ሁሉ ያየ የጥቁሮች ሰፈር ነው። ታሪኩን ከእኛ መምጣት መጀመራችሁ ቅር አሰኝቶኛል፤ በሚቀጥለው እትም ማረሚያ ብታወጡ ደስ ይለኛል።

ታማሚ ልትጠይቁ ወደዚያ ከሄዳችሁ፣ መቺዎቹ ይቆሙበት የነበረው ቦታ በሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት አለው። ዘበኛውን ጠይቁት።

አንድ የታክሲ ሹፌር
ዋሽንግተን ዲሲ