መጀመሪያ «አንዱ ስንት ነው?» ይበሉ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ጉዳዩ የልጆቻችን ሒሳብ ነው፤ በተለይ «አንድ ነጋዴ ይህን ያህል ገዝቶ…» እያለ የሚጀምረው ወርድ ፕሮብሌም።

ማታ ማታ የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። መደመርና ማባዛት ላይ አይታሙም። ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ግን ቁጥሮቹን ለቅመው ያወጡና «ይደመር ነው ይባዛ?» ብለው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ጥፋቱ የነሱ አይደለም። «በጠቅላላ» ካለ ደምር፣ «ቀረ» ካለ ቀንስ እየተባሉ ነው ያደጉት። «አንዱን እስክሪብቶ በ15 ብር ሒሳብ ገዝታ በጠቅላላ 180 ብር ከፈለች፤ ስንት ገዛች?» ብዬ ብሰጠው፣ አንዱ ጎበዝ ልጅ 195 ብሎ ጻፈልኝ። 195 እስክሪብቶ በ180 ብር! «በጠቅላላ» የሚለውን አይቶ ደመረዋ።

እኔ የምለው፣ ልጆች እነዚህን ቃላት ማደን ትተው ሁለት ነገር መጠየቅ ይልመዱ። አንዱ ስንት ነው? ቀጥሎ ደግሞ፣ ይሄ ቁጥር ያለቀሪ ይካፈላል ወይ?

የመጀመሪያውን እናቶቻችን ገበያ ላይ ሁሌም ያደርጉታል። ባለ 5 ሊትር ዘይት 1450 ብር፣ ባለ 3 ሊትሩ 900 ብር ቢባሉ የሊትሩን ያወጣሉ፤ 290 እና 300። አለቀ።

የተዘነጋው ሁለተኛው ነው። ይህችን ጥያቄ እዩልኝ። አንድ ባለሱቅ በተመሳሳይ ዋጋ 72 ደብተር ገዛ። ደረሰኙ ላይ ቡና ፈሰሰበትና ከባለ አራት አሃዙ ድምር የመጀመሪያውና የመጨረሻው አሃዝ ጠፋ፤ የሚነበበው መሀል ያለው 89 ብቻ ነው። የአንዱ ደብተር ዋጋ ሳንቲም የለውም። አንዱ ስንት ነው?

ልጆቹ መጀመሪያ «ቁጥሩ ሳይታይ እንዴት ይሠራል?» አሉ። ይሠራል። 72 ማለት 8 ጊዜ 9 ነው፤ ስለዚህ ድምሩ ለ8ም ለ9ም መካፈል አለበት። 1000 ለ8 ያለቀሪ ስለሚካፈል፣ ለ8 የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ብቻ ማየት ይበቃል። ከ890 እስከ 899 ካሉት ለ8 የሚካፈለው 896 ብቻ ነው። የመጨረሻው አሃዝ 6 ሆነ ማለት ነው። ለ9 ደግሞ አሃዞቹን መደመር ነው፤ ምክንያቱም 10 ማለት 9 እና 1፣ 100 ማለት 99 እና 1 ስለሆነ፣ ለ9 የሚካፈለውን እያወጣህ ስትጥል የሚቀሩህ አሃዞቹ ራሳቸው ናቸው። 8፣ 9 እና 6 ሲደመሩ 23፤ ለ9 የሚካፈለውን 27 ለመሙላት 4 ይጎድላል። ድምሩ 4896 ብር ነው፣ አንዱ ደብተር 68 ብር።

አንዷ ልጅ «72 እኮ 6 ጊዜ 12ም ነው፣ በሱ ብንሄድስ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የሚያስደስተኝ። 12ን ራሱን ውሰዱት፤ ለ6ም ለ12ም ይካፈላል፣ ለ72 ግን አይካፈልም። ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን፣ እንደ 8 እና 9 ያሉትን መምረጥ ያለብን ለዚህ ነው።

ይሄ ለፈተና ብቻ አይደለም። ሕርማታ ገበያ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 6 ኪሎ ድንችና 9 እንቁላል ገዝታችሁ፣ የአንዱ ኪሎም የአንዱ እንቁላልም ዋጋ ሙሉ ብር ሆኖ፣ «ሒሳቡ 680 ነው» ብትባሉ ስህተት አለ። ዋጋቸውን ባታስታውሱትም አለ። ሦስቱም ለ3 ስለሚካፈሉ ድምሩም ለ3 መካፈል አለበት፤ የ680 አሃዞች ድምር ግን 14 ነው። (681 ቢሉ ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ይሄ ስህተትን ይይዛል እንጂ ትክክልነትን አያረጋግጥም።)

ደግሞ የቡና አገር ሰዎች ነን። ፈረሱላ 17 ኪሎ እንደሆነ እዚህ ልጁም ያውቃል። 17 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ስለሆነ ያስቸግራል ይባላል፣ ግን የራሱ መንገድ አለው። የመጨረሻውን አሃዝ በ5 አባዝተህ ከቀረው ቁጥር ትቀንሳለህ፤ ውጤቱ ለ17 ከተካፈለ ዋናው ቁጥርም ይካፈላል። ለምሳሌ ፈረሱላው 7310 ብር ቢሆን፦ ዜሮው ምንም አይቀንስም፣ 731 ይቀራል። ከ73 ላይ 5 ሲነሳ 68፣ እሱም 4 ጊዜ 17 ነው። ስለዚህ ይካፈላል፤ ኪሎው 430 ብር ይመጣል። 7300 ቢሆን ግን 73 ላይ ስትደርስ አይካፈልም፣ የኪሎው ዋጋ ሳንቲም ውስጥ ይገባል። የሚሠራውም 51 የ17 ሦስት እጥፍ ስለሆነ ነው፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች ራሳቸው ያረጋግጡት።

መምህራንን የምለምነው የቃላት ዝርዝር ማስሸምደዱን እንዲተዉት ነው። እናንተን ደግሞ ከጋዜጣው ላይ ትንሽ ቦታ እለምናለሁ። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ፣ ከገበያ ወይም ከእርሻ የተወሰደ። መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይውጣ፣ ግን ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዛ እንደሆነ ጭምር ተጽፎ። ጥያቄ አዘጋጅቶ የሚልክ ከጠፋ እኔ አለሁ።

የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጅማ