ፒካፕ ስንገዛ አስቀድመን ጭነቱን እንጻፍ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ ከሚወጡት የተሽከርካሪ ግዥ ጨረታዎች ብዙዎቹ «ደብል ጋቢና ፒካፕ፣ ፎር ዊል፣ ናፍጣ» ብለው ያልፋሉ። መኪናው ስንት ሰው ይዞ ስንት ኪሎ እንደሚጭን፣ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሄድ አይጻፍም። መዘዙ ለሾፌሩና ለጋራዡ ይተርፋል።

«አንድ ቶን ይጭናል» የሚባለውን እንመልከት። በዚህ ቶን ውስጥ ተሳፋሪውም ይቆጠራል። 70 ኪሎ የሚመዝኑ 5 ሰዎች 350 ኪሎውን ይወስዳሉ። የፊት ብረት መከላከያ፣ የካሶኒ ክዳንና ተጨማሪ ጎማ 100 ኪሎ ቢይዙ ለዕቃ የሚቀረው አምስት ኩንታል ተኩል ነው። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ መጫንማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ውሃው ብቻውን ቶኑን ይጨርሰዋል፤ ሲጎድል ደግሞ እየተናጠ በመታጠፊያ ላይ መኪናውን ይገፋል።

የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ሲሆን የነጠላ ጋቢናው 2.3 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ የቦታ ብቻ አይደለም። በነጠላ ጋቢና ላይ አብዛኛው ጭነት ከኋላ አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚይዘው ዘንግ) ወደ ፊት ያርፋል፤ በደብል ጋቢና ግን አክስሉ ላይ ወይም ከአክስሉ ወደ ኋላ ይሆናል። በሁለቱ አክስሎች መካከል 3.1 ሜትር ያለው መኪና 500 ኪሎ ጭኖ የጭነቱ መሐል ከኋላ አክስል 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያልፍ፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 50 ኪሎ ያህል ይነሳል። መሪው ይቀላል፤ የፊት ጎማ መሬት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ሲሚንቶና እህል ጋቢናውን ተደግፎ፣ ቀላሉ ዕቃ ወደ ኋላ በር ይጫን። ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ሞላ) ማስጨመር የመኪናውን መውረድ ይደብቃል እንጂ አቅም አይጨምርም፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ያው የድሮዎቹ ናቸው። ሻንሲ ከጋቢናው ጀርባ የሚታጠፈው ብዙውን ጊዜ ከአክስሉ ወደ ኋላ ባለፈ ከባድ ጭነት ነው።

ስፋቱም ይለካ። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ በጎማ ሽፋኖቹ መካከል 1.1 ሜትር ብቻ ባለው ካሶኒ ወለሉ ላይ አይተኛም። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሬንጀር ካሶኒውን 50 ሚሊ ሜትር ያሰፋው ትልቅ ፓሌት እንዲገባበት ነው።

አሁን ወደ ፎር ዊሉ። ሃይሉክስን በመሳሰሉት አብዛኞቹ ፒካፖች ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ትራስሚሲዮን (ኃይል ወደ ጎማ የሚወስዱት ዘንጎች) አንድ ላይ ይቆለፋሉ፤ በመካከላቸው ዲፈረንሻል፣ ማለትም በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የማርሽ ስብስብ፣ የለም። መኪና ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያስተካክላል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችል ጫናው ክሮቼራው (የዘንጉ መገጣጠሚያ) እና ማርሾቹ ላይ ይጠራቀማል፤ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ይንገጫገጫል፣ ጎማ ይበላል፣ ፎር ዊሉም አልወጣ ይላል። ያን ጊዜ በኃይል መጎተት ሳይሆን ቀጥ ብሎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ነው መፍትሔው። ሥራው አስፋልትና ፒስታ የተቀላቀለበት መሥሪያ ቤት የመሐል ዲፈረንሻል ያለው መኪና ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ሚትሱቢሺ ኤል 200 «ሱፐር ሴሌክት» የተገጠመላቸው ሞዴሎች ለምሳሌ በአስፋልትም በፎር ዊል ይነዳሉ።

ኤል 4 የሚባለው ዝቅተኛው ማርሽ ለከባድ ዳገትና ቁልቁለት ጥሩ ነው፤ ግን እሱም ላላ መሬት ይፈልጋል። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደውን የዓባይ በረሃ አስፋልት ተጭኖ ለመውረድ ፎር ዊሉን አውጥቶ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ መያዝ፣ ፍሬኑንም እያሳረፉ መጠቀም ይገባል።

ከከተማ ለማይወጣ ሥራ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ነጠላ ጋቢና እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ካሶኒው ዝቅ ያለውን ከመረጡም ኩንታል ለሚሸከመው ሰው ወገብ ይራራል። ባዶውን ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ለዚያ ሁለት ኩንታል አሸዋ ከኋላ አክስል በላይ አስሮ መሄድ ይበቃል።

የጨረታ ኮሚቴዎችም ርክክቡን ከመፈረማቸው በፊት መኪናውን በተለመደው ሰውና ዕቃ ልክ ጭነው ሚዛን ላይ ያውጡት። የፊትና የኋላ አክስሉን ለየብቻ ይመዝኑ፤ ውጤቱንም አምራቹ ለእያንዳንዱ አክስል ከፈቀደው ክብደት ጋር ያስተያዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ